ላባ የለበሰ መንጠቆ

በመተማ ዮሐንስና በአካባቢው ቆላ የሚኖር ገበሬ ጓንግን፣ ገንዳ ውሃን፣ ሽንፋንና አይማን በደንብ ያውቃቸዋል። ጓንግ ወደ ሱዳን ሲወርድ ስሙ አትባራ ይሆናል፤ በመጨረሻም ከናይል ጋር ይገናኛል። ሽንፋና አይማም ወደ ሱዳን ይወርዳሉ፤ የእነሱ ውሃ ግን የሚገባው ከዓባይ ነው።

እነዚህ ወንዞች በክረምት ሞልተው ይጋልባሉ። ውሃቸው ድፍርስ ነው። ከጥቅምት ወዲህ እየጠሩ ይሄዳሉ። በበጋ ደግሞ ብዙው ቦታ ይደርቅና ውሃው በየጥልቁ ስፍራ ብቻ ይቀራል። ዓሣውም በእነዚህ የበጋ ኩሬዎች ይከማቻል። የዐቢይ ጾም የሚውለውም በዚሁ ወራት ነው። ዓሣ ፈላጊው የሚበዛው ውሃው ባነሰበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ዓሣ እንዴት ብንይዘው ይሻላል? የዚህ ትምህርት ጉዳይ ይህ ነው።

1. የጥንት ሰዎች በሽንፋ

በሽንፋ ወንዝ ዳር ዓሣ መብላት የዛሬ ነገር አይደለም። ተመራማሪዎች በዚያ የጥንት ሰዎች የኖሩበትን ሥፍራ ቆፍረው አጥንተዋል። ውጤቱን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ለዓለም አሳወቁ። የሥፍራው ዕድሜ 74,000 ዓመት ያህል ነው። በዚያ ዘመን ቶባ የሚባል ታላቅ እሳተ ገሞራ በኢንዶኔዥያ ፈንድቶ ነበር። ከእሱ የተነሣው ብናኝ በነፋስ ተጉዞ ሽንፋ ድረስ ደርሷል። ተመራማሪዎቹ በአፈሩ ውስጥ አግኝተውታል።

ከዚያ በኋላ የአየሩ ሁኔታ ይበልጥ ደረቅ ሆነ። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ከበፊቱ ይልቅ ዓሣ አብዝተው መብላት ጀመሩ። የተገኘው አጥንት ይህን ያሳያል። ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲለወጥ ዓሣውን መያዝ ቀላል ሆኖላቸው ነበር።

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። የበጋ ኩሬ በችግር ቀን ሰው የሚያወጣ ጎተራ ነው። ጎተራ ግን ዘሩ ጭምር ከተበላ ለከርሞ ባዶ ይቀራል።

2. መርዝ ጎተራውን ያራቁታል

ዓሣ በመርዝ የሚይዙ ሰዎች አሉ። በጣና ሐይቅ ገባር ወንዞች የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ይበተናል። በብርብራ ፍሬ ያለው መርዝ የዓሣውን አተነፋፈስ ያግዳል። ትልቁም ትንሹም አብሮ ይሞታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለጥጥና ለሰሊጥ ተባይ የተሠራውን መርዝ ውሃ ውስጥ መጨመር ነው። ይህ መርዝ ዓሣውን ብቻ አይገድልም። ውሃውን የሚጠጡትን ከብቶችና ዓሣውን የሚበሉትን ሰዎችም ይጎዳል።

አንድ ወጣት እንዲህ ይል ይሆናል፦

«አባባ፣ አንድ አንድ ዓሣ ስጠብቅ ጀምበር ትጠልቅብኛለች። መርዙ ግን ባንድ አፍታ ጆንያ ይሞላል።»

ሽማግሌውም እንዲህ ብለው ይመልሱለታል፦

«ልጄ፣ ጆንያው ለዘንድሮ ይሞላል። ለከርሞስ? ክረምት ሲመጣ ዕንቁላል የሚጥለው የትኛው ዓሣ ነው? ደግሞስ እናትህ ውሃ የምትቀዳው ከዚሁ ኩሬ አይደለም ወይ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

የሽማግሌው ነገር እውነት ነው። አንዲት እናት ዓሣ በሺህ የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች። ከበጋው ኩሬ የተረፉት ጥቂት ዓሦች በክረምት ወንዙን መልሰው ይሞሉታል። የሚተርፍ ከሌለ ግን የሚሞላው የለም።

3. ዓሣ ላባ ለምን ይነክሳል?

በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ብዙ ጊዜ ትል ወይም አንበጣ ይሰካል። ነገር ግን ምግብ ሳይሰካም ማጥመድ ይቻላል። መንጠቆውን በላባና በፀጉር አልብሶ ትንሽ ዓሣ ማስመሰል ነው።

ይህ ጥበብ ጥንታዊ ነው። ከ1,800 ዓመት በፊት ገደማ ኤልያን የሚባል ጸሐፊ ስለ መቄዶንያ አጥማጆች ጽፏል። እነሱ በመንጠቆው ላይ ቀይ የበግ ሱፍ ይጠመጥሙ ነበር። በላዩም ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ያስሩበት ነበር። ዓሣው ዝንብ መስሎት ይጎርሰዋል።

በዚህ ዘመን ፋብሪካዎች ከእርሳስና ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ማጥመጃ ያወጣሉ። መንጠቆው በራሱ በኩል እርሳስ አለበት። ከኋላው የፕላስቲክ ትል ወይም የፕላስቲክ ዓሣ ይሰካበታል። ክሩ ሲሳብ ወደ ላይ ይዘላል፤ ሲለቀቅ ወደ ታች ይወርዳል። በ1980ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ቦብ ክላውዘር የሚባል የአሜሪካ አጥማጅ ይህንኑ ዝላይ በፀጉር፣ በክርና በክብደት አስመሰለ። ክብደቱን በመንጠቆው ጀርባ ላይ አሰረ፤ በላዩም የአጋዘን ጅራት ፀጉር አሰረበት። ይህ ማጥመጃ ዛሬ በብዙ አገር የታወቀ ነው።

በዚህ ሥራ ከሚፈለጉት ላባዎች አንዱ በአባ ኮዳ የውጭ አገር ስም «ማራቡ» ይባላል። ይህ በአገራችን ሐይቆች ዳር የሚታየው ትልቁ ራሰ በራ ወፍ ነው። ላባው በጣም ለስላሳ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ይመስላል። ዛሬ ግን ስሙ ብቻ ቀርቶ የሚሠራበት የተርኪ ላባ ነው። ለእኛም በዶሮ ሆድ ላይ ያለው ለስላሳ ላባ ይበቃል። ስለ ላባ ሲባል የዱር ወፍ መግደል አያስፈልግም።

ሁሉም ዓሣ ላባ አያሳድድም። ቀረሶ የሚመገበው በአብዛኛው አረንጓዴ የውሃ ዝቃጭ ነው። አምባዛ ምግቡን የሚያገኘው ይበልጡን በሽታና በጢሙ ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ትል ይሻላል። ባርቦ የሚባለው ቅርፊታም ዓሣ ግን ነፍሳትንና ትናንሽ ዓሦችን ይበላል። በጣና ሐይቅ ካሉት ትላልቅ ባርቦዎች 8ቱ ዝርያዎች ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው። ላባ የለበሰ መንጠቆ የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው አዳኝ ዓሣ ነው። ውሃውም የጠራ መሆን አለበት። በድፍርስ ውሃ ዓሣው ማጥመጃውን አያየውም።

4. አሠራሩ

የሚያስፈልጉት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ አንድ መንጠቆ፣ ጠንካራ የስፌት ክር፣ ትንሽ የብረት ዳዶ፣ ነጭና ጥቁር የፍየል ፀጉር፣ ለስላሳ የዶሮ ላባ፣ የንብ ሰም።

ሀ) መንጠቆውን በፒንሳ ወይም በተሰነጠቀ እንጨት አጥብቆ መያዝ። ጫፉ እጅ እንዳይወጋ መጠንቀቅ።

ለ) ክሩን በሰም ማሸት። ሰም የነካው ክር አይንሸራተትም፤ ውሃም ቶሎ አያበሰብሰውም። የግራር ሙጫ ግን ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሐ) ክሩን ከመንጠቆው ቀዳዳ ጀምሮ እስከ መታጠፊያው ድረስ አጥብቆ መጠምጠም። ከዚያም ጥቂት ለስላሳ ላባ እንደ ጅራት አድርጎ ማሰር።

መ) ዳዶውን ከቀዳዳው ትንሽ ራቅ አድርጎ በመንጠቆው ጀርባ ላይ ማሰር። ጀርባ ማለት ሹል ጫፉ ካለበት ወገን በተቃራኒው ያለው ነው። ክሩ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ እየገባና እየወጣ መስቀለኛ ይታሰራል። ዳዶው ከባድ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ወደ ታች ይሆናል። ሹሉ ጫፍም ወደ ላይ ይዞራል። ስለዚህ በድንጋይና በግንድ ላይ ቶሎ አይያዝም።

ሠ) ነጩን ፀጉር በዳዶው በኩል፣ ጥቁሩን ፀጉር በሹሉ ጫፍ በኩል ማሰር። ብዙ ትንንሽ ዓሦች ሆዳቸው ነጣ ያለ፣ ጀርባቸው የጠቆረ ነው። የእኛም ማጥመጃ እንዲሁ ይመስላል። ፀጉሩ አይብዛ። ከበዛ መጥረጊያ ይመስላል። ርዝመቱ ከሌባ ጣት አይበልጥ።

ረ) ክሩን ሦስት አራት ጊዜ ቋጥሮ መቁረጥ። በቋጠሮው ላይ ሰም መቀባት።

መጀመሪያ የተሠራው ባያምር ተስፋ አይቆረጥም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

5. አጠማመዱ

ለዘንጉ የቆላ ቀርከሃ ይስማማል። የናይለን ክሩ ከዘንጉ ጋር እኩል ይሁን። ጥላችን ውሃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጎ መቆም ይሻላል። ዓሣ ጥላ ካየ ይሸሻል።

ማጥመጃውን ጥልቁ ውሃ ውስጥ መጣልና እስኪሰጥም መታገሥ። ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ወደ ላይ መሳብ። እንደገና እንዲወርድ መልቀቅ። ሳብ፣ ለቀቅ፤ ሳብ፣ ለቀቅ። ብዙ ጊዜ ዓሣው የሚነክሰው ማጥመጃው ሲወርድ ነው። የቆሰለ ትንሽ ዓሣ ይመስለዋል። የዓሣ ጎን ላይ የውሃን እንቅስቃሴ የሚሰማ መሥመር አለ። በዚህ መሥመር ምግቡን ሳያየውም ይሰማዋል። ክሩ ድንገት ሲወጠር ወዲያው ማንሣት ነው።

ትንሽ ዓሣ ከተያዘ እጅን በውሃ አርጥቦ መንጠቆውን በቀስታ ማውጣትና ወደ ውሃው መመለስ ይገባል። ደረቅ እጅ የዓሣውን ልጋግ ይገፈዋል። ልጋጉ የተገፈፈ ዓሣ በበሽታ ይጠቃል። ይህ የመንጠቆ ጥቅም ነው፤ አጥማጁ የሚወስደውንና የሚተወውን ይመርጣል። መርዝ ምርጫ አያውቅም።

6. ጥንቃቄ

• እርሳስ በጥርስ አይነከስ፤ ቤት ውስጥም አይቅለጥ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ይበልጡን ሕፃናትን ይጎዳል። ዳዶ የመረጥነው ለዚህ ነው።

• የተበጠሰ የናይለን ክርና የፕላስቲክ ማጥመጃ ወንዝ ዳር አይጣል። ላባና ፀጉር ይበሰብሳል፤ ናይለንና ፕላስቲክ ግን ለረጅም ዘመን አይበሰብስም። ወፍና ከብት ይጠላለፍበታል።

• ሲመሽ ወደ ቤት መመለስ ይሻላል። በመተማ ቆላ ወባና ካላዛር አሉ። ወባን የምታመጣው ትንኝና ካላዛርን የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ የሚናደፉት ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ማታ አጎበር መዘርጋት አይረሳ።

• በክረምት ብዙ ዓሦች ዕንቁላል ለመጣል ወደ ላይ ይወጣሉ። ያን ጊዜ መንገዳቸውን በመረብ አለመዝጋት ለሁሉም ይበጃል።

የበጋው ኩሬ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። አንዱ መርዝ ቢጨምርበት የሚጎዳው መንደሩ ሁሉ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ተመካክሮ ቢጠብቀው፣ በአንድ መንጠቆና በጥቂት ላባ የዛሬውን ወጥ ማግኘት ይቻላል። የከርሞው ዓሣም በኩሬው ውስጥ ይቆያል።

የቃላት ፍች

ድፍርስ — ያልጠራ
ገባር ወንዝ — ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ሐይቅ የሚገባ ወንዝ
ዳዶ — ብሎን የሚታሰርበት ቀዳዳ ያለው ብረት
ልጋግ — የዓሣን ገላ የሚሸፍን አንሸራታች ፈሳሽ
ካላዛር — የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ

ጥያቄዎች

1. የበጋ ኩሬ ከጎተራ ጋር የተመሳሰለው ለምንድን ነው?
2. ዳዶው በመንጠቆው ጀርባ ላይ የሚታሰረው ለምንድን ነው?
3. ላባ የለበሰ መንጠቆ በድፍርስ ውሃ የማይጠቅመው ለምንድን ነው?
4. አንድ አጥማጅ 12 ዓሣ ያዘ። 5ቱ ትናንሽ ስለሆኑ ወደ ውሃው መለሳቸው። ስንት ዓሣ ወደ ቤቱ ይዞ ገባ?
5. በአካባቢያችሁ ያለውን የበጋ ኩሬ ከመርዝ ለመጠበቅ ምን ማድረግ ይቻላል? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩና አምስት መሥመር ጻፉ።