ያልተቆጠረ ሕመም፦ የታካሚዎች ብሔራዊ መዝገብ እንዴት ይገነባል?

ሰሚት አካባቢ የምትኖር አንዲት ተማሪ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ከትምህርት ገበታ የሚያስቀራት ሕመም አለባት። በመጀመሪያ ቦሌ ወደሚገኝ የግል ክሊኒክ፣ ቀጥሎ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁር አንበሳ ሄደች። በየቦታው አዲስ ካርድ ወጣላት። እንግዲህ ካርዶቹን የሚደምር ተመራማሪ አንዲት ታካሚ ወይስ ሦስት ያገኛል?

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማኅፀን ውጭ ሲያድግ የሚከሰት በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በወሊድ ዕድሜ ክልል ከሚገኙ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚያጠቃ ይገምታል። ሆኖም ሕመሙ «የሴት ወግ» ተብሎ ስለሚታለፍና በሽታውን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙዎች ለዓመታት ሳይታወቅላቸው ይኖራሉ። ያልተቆጠረ በሽታ ደግሞ በጀትም ሐኪምም አይመደብለትም።

በአገራችን ለአርአያነት የሚጠቀስ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከመንግሥትና ከግል ተቋማት መረጃ ይሰበስባል። የሚመዘግበው የከተማዋን ነዋሪዎች ብቻ ነው። ይህም የታካሚዎቹን ቁጥር ለነዋሪው ሕዝብ በማካፈል የበሽታውን ምጣኔ ለማስላት ያስችላል።

አሁን አንድ ምናባዊ ስሌት እንሥራ። የክሊኒኩ ዝርዝር 60፣ የሆስፒታሉ 40 ታካሚዎች ይዟል፤ በሁለቱም የሚገኙት 12 ናቸው። ዝርዝሮቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ከሆኑ ጠቅላላው ቁጥር በግምት 60 × 40 ÷ 12 = 200 ይሆናል። ነገር ግን «ፀሐይ» የሚለው ስም በአንዱ ካርድ «ጸሀይ» ተብሎ ቢጻፍ፣ የልደት ዘመኑም በአንዱ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር ቢሞላ፣ አንዲቱ ሴት ሁለት ትመስላለች። በዚህ ምክንያት ከ12ቱ 4ቱ ሳይለዩ ቢቀሩ ግምቱ 60 × 40 ÷ 8 = 300 ይሆናል። ጥቂት የአጻጻፍ ልዩነቶች መቶ የሌሉ ታካሚዎችን ፈጠሩ ማለት ነው። በተቃራኒው ክሊኒኩ ታካሚዎቹን ወደዚያው ሆስፒታል የሚልክ ከሆነ የጋራው ቁጥር ያድግና ግምቱ ከእውነቱ ያንሳል።

መፍትሔው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦

1ኛ/ በሁሉም ተቋማት አንድ ዓይነት የበሽታ ትርጓሜና ቅጽ፤

2ኛ/ ታካሚዋን በየትም ቦታ የሚለይ አንድ መለያ ቁጥር። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዜጎቿ መለያ ቁጥር በመስጠቷ በ1977 የጀመረችው ብሔራዊ የታካሚዎች መዝገብ በዚሁ ሊደገፍ ችሏል። በእኛም አገር የፋይዳ ቁጥር ለዚህ ሊያገለግል ይችላል፤

3ኛ/ ምስጢር ጠባቂነት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ተመራማሪው የሚያየው ስምን ሳይሆን ስምን የተካ ምስጢራዊ ኮድ ሊሆን ይገባል።

በፊዚክስ ማንኛውም መሣሪያ ሊለካው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን አለው። ለመዝገብ ይህ ወሰን የሐኪሙ በር ነው፤ እስከዚያ ያልደረሰችውን ተማሪ የትኛውም ስሌት አይደርስባትም። ስለዚህ የምዝገባው የመጀመሪያ እርምጃ ሕመሟን ስትናገር ማመን ነው።