ምዕራፍ 7፦ ከኦቨርክሎክ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች

ላፕቶፕዎ ጌም ሲከፈትበት የሚንቀረፈፍ፣ ስኬችአፕ ላይ ሞዴል ሲያዞሩበት ስታክ የሚያደርግ ከሆነ ችግሩን እኔ ልነግርዎት አልችልም፤ አብረውት እየኖሩ ነው። መፍትሔ ፍለጋ ሲወጡ መጀመሪያ የሚሰሙት ምክርም ያው «ኦቨርክሎክ አድርገው» የሚል ነው፤ ግራፊክሱን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ አስሩጠው እንደማለት። ነገሩ ውሸት አይደለም። ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ መጨረሻውን መጀመሪያ ማድረግ እንወዳለን።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ኢንቴል ኤችዲ 4400 ወይም በ2015 የመጣውን ኤችዲ 520 እንውሰድ። እነዚህ የራሳቸው ሜሞሪ የላቸውም፤ ከዋናው ራም ይቋደሳሉ። የኃይል ድርሻቸውም ከፕሮሰሰሩ ጋር የጋራ ነው፤ ለሁለቱም የተመደበው 15 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ከ1000 ሜጋኸርትዝ ወደ 1100 ቢያወጡት እንኳ ራሙ ካላደረሰለት ቆሞ ይጠብቃል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ቺፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን መልሶ ይቀንሰዋል። ያልበላ በሬ በጅራፍ ብዛት አያርስም።

አንደኛ፦ ሁለተኛ ራም

ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ» የሚለውን ይንኩ። «ስሎትስ ዩዝድ» ከሚለው አጠገብ «1 ኦፍ 2» የሚል ካገኙ መድኃኒቱን አገኙት ማለት ነው። አንድ ባለ 1600 ዲዲአር3 ራም በሰከንድ ቢበዛ 12.8 ጊጋባይት ያቀብላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ 25.6 ይደርሳል። ኦቨርክሎክ አሥር በመቶ ለመጨመር አሳር ሲያይ፣ እዚህ መንገዱ እጥፍ ይሰፋል። ስለዚህ ለግራፊክስ ከሆነ ከአንድ 8 ጂቢ ሁለት 4 ጂቢ ይሻላል እላለሁ። ሲገዙ አሮጌውን ራም ነቅለው ይዘው ይሂዱ። ወረቀቱ ላይ «ፒሲ3ኤል» የሚል ካለ፣ «ኤል» የምትለዋ ፊደል በ1.35 ቮልት የሚሠራ መሆኑን ትናገራለች፤ ያለ እሷ የመጣውን ራም ላፕቶፑ ላይቀበለው ይችላል።

ግዢን ካነሣን አይቀር፣ «ይሄ 2 ጂቢ ግራፊክስ አለው» እያለ አሮጌ ላፕቶፕ የሚያሻሽጥ ሰው አያታልዎት። የሚያሳይዎት ቁጥር ዊንዶውስ ከዋናው ራም ቆርሶ ሊያበድር የሚችለውን ነው። «ዴዲኬትድ» የሚለውን መስመር ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ 128 ሜጋባይት ነው። ጥፋቱ የሻጭ ብቻ አይደለም። ለአንድ ጫማ ገበያውን ሁሉ የሚያዳርስ ሰው የወራት ደመወዙን የሚበላ ዕቃ ሳይጠይቅ ይገዛል፤ በኋላ «ተሸወድኩ» ይላል።

ሁለተኛ፦ አቧራውን ያስወጡ

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነው በዚህ ነው። ላፕቶፕ ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ ተዘርግቶ ፊልም በሚታይበት ቤት፣ በፋኑና ሙቀት በሚያወጡት ቀጫጭን የብረት ክንፎች መካከል አቧራና ክር ተጋግሮ ይቀመጣል። ከውጭ አይታይም። ፋኑ ይጮኻል፤ በጎን ቀዳዳው የሚወጣው አየር ግን ደካማ ነው። ምልክቱ ይኸው ነው።

ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ክዳኑን እንደከፈቱ የባትሪውን ገመድ ያላቅቁ። ፋኑን በጣትዎ ይዘው ሳይሽከረከር በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፤ አየር ሲነፉበት እንዲሁ ከተለቀቀ ከልኩ በላይ እየዞረ ሊበላሽ ይችላል። በቺፑና በሙቀት ማስወጫው ብረት መካከል ያለውን፣ በዓመታት የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው አዲሱን የምስር ፍሬ በምታህል መጠን ያድርጉ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የእጅ ሳኒታይዘር አይተካውም፤ ግሊሰሪንና ሌላም ነገር አለበት። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚልዎትንም አይስሙ፤ ደርቆ ይቀራል። «ሰርቪስ» ብለው አስከፍለው ፎርማት ብቻ አድርገው የሚመልሱ ሠራተኞች ስላሉ፣ ሲከፈት አጠገባቸው ይቁሙ። ገንዘብ ከፍሎ መቆም ነውር አይደለም።

ጥቃቅኖቹ ደግሞ እነሆ፦ ከባድ ሥራ ሲሠሩ ቻርጀር ይሰኩ። ጌሙን ከ1366 በ768 ወደ 1024 በ576 ያውርዱት፤ ግራፊክሱ የሚስለው ነጥብ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ሦስተኛ፦ አሁን ኦቨርክሎክ

በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ በሩ ዝግ ነው። ኤክስቲዩ የተባለውን የኢንቴል ፕሮግራም ከፍተው የግራፊክሱ ፍጥነት ማስተካከያ ከደበዘዘ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ተቆልፏል ማለት ነውና ይተዉት። ክፍት ከሆነ 50 ሜጋኸርትዝ ብቻ ይጨምሩና ከባዱን ጌም ሃያ ደቂቃ ያህል ያጫውቱት። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ከተረጩ፣ ወይም ጠፍቶ ተመልሶ «ዲስፕሌይ ድራይቨር ስቶፕድ ሪስፖንዲንግ» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ወደ ኋላ ይመለሱ። ቮልቴጅ አይጨምሩ። መቀነስ ሙቀት ያበርድ ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ፕላንደርቮልት የተባለው የደኅንነት ክፍተት ይፋ ከሆነ ወዲህ በወጡ የባዮስ (የላፕቶፑ የማስነሻ ፕሮግራም) ማሻሻያዎች ብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህም ተዘግቷል።

አርክቴክቸር የሚማር የጎረቤታችን ልጅ ግን የተቆለፈ ነገር አይወድም ነበር። ሰው ነካክቶ የለወጠውን ባዮስ ከአንድ ቦታ አውርዶ ሌሊት ላይ ይጭናል። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ላፕቶፑ የሚሠራው በቻርጀር ብቻ ነው። ጭነቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ የማስነሻዋ አምፖል ትበራለች፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ለመመረቂያ የሚያቀርበው ሥራ ሃርድ ዲስኩ ላይ በመሆኑ ተረፈ። ቦርዱ ግን ባለ ስምንት እግሯን የባዮስ ቺፕ ነቅሎ በፕሮግራመር እንደገና የሚጽፍ ሰው እስኪገኝ ድረስ ሰነበተ፤ እናቱ ለሌላ ጉዳይ የቋጠሩት ብርም ወጣ። አሳዛኙ ነገር፣ ያ ላፕቶፕ የነበረው አንድ ራም ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ቦታ ባዶውን ተቀምጦ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

እያንዳንዱን እርምጃ ከመውሰድዎ በፊትና በኋላ በአንድ ጌም አንድ ቦታ ላይ ቆመው ኤፍፒኤሱን (በሰከንድ የሚሳሉትን ምስሎች ብዛት) ወረቀት ላይ ይጻፉ። «ትንሽ ፈጠነ መሰለኝ» መለኪያ አይደለም። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ለውጡን ይመልሱ። ሁሉንም አድርገው አሁንም የሚፈልጉት ፕሮግራም ካልሠራ፣ ማሽኑ ያለውን ሰጥቷል፤ ከዚያ በኋላ እሱን ለማስገደድ የሚያወጡት ብር ለሚቀጥለው ላፕቶፕ መግዣ የሚቀነስ ብር ነው።