የእጅ ሰዓትና የሕሙማን ጥየቃ

እንቅልፍንና የልብ ምትን የሚመዘግብ የእጅ ሰዓት ዛሬ ከውጭ አገር ዘመድ በስጦታ ይመጣል፤ በከተማም ይሸጣል። በአእምሮ ሕመም የተቸገሩትን የምትጠይቁ አገልጋዮች «ለታማሚዎቻችን ቢታሰርላቸው ይጠቅማል ወይ?» ብትሉ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መሣሪያው አእምሮን አያይም። በውስጡ ያለው አንዱ ሴንሰር የእጅን እንቅስቃሴ ይለካል፤ ሌላው ወደ ቆዳ አረንጓዴ ብርሃን እየላከ፣ ከሚመለሰው ብርሃን መጠን የልብን ምት ይቆጥራል። ከእነዚህ ተነሥቶ ሰውየው ስንት ሰዓት እንደ ተኛ ይገምታል። ይገምታል እንጂ አያውቅም፤ ጣራ ጣራ እያየ ሳይንቀሳቀስ ያደረውን ሰው «ተኝቷል» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል።

ይሁን እንጂ እንቅልፍ የሚናቅ ምልክት አይደለም። ባይፖላር በሚባለው ሕመም፣ ሰው ጥቂት ብቻ ተኝቶ ድካም የማይሰማው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሊነሣ መቃረቡን ያመለክታል። በድብርት ደግሞ አንዱ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፣ ሌላው ቀኑን ሁሉ ተኝቶ ይውላል፣ ከቤት መውጣትም ያቆማል። ከቤተ ሰቡ ጋር የሚኖረውን ሰው እናቱ ወይም ሚስቱ ከሰዓቱ ቀድማ ታውቅበታለች። መሣሪያው የሚረዳው ይልቁንም ብቻውን ለሚኖር ሰው ነው፤ ለምሳሌ በደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ተማሪ።

ቁጥሩን ስናነብ ግን የጎጃምን ኑሮ አንርሳ። በኅዳር አጨዳ ከንጋት እስከ ምሽት የዋለ ገበሬ፣ በሐምሌ ዝናብ ቤት ሲውል እርምጃው ይቀንሳል፤ ይህ ድብርት አይደለም። ሌሊቱን በጸሎት ያደረ፣ ልቅሶ ቤት የሰነበተ፣ ሕፃን የምታጠባ እናትም እንቅልፍ ያጣሉ። ስለዚህ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር ሳይሆን ከራሱ ከቀድሞው ጋር ይነጻጸር፤ ሲለወጥም «ምን ገጠመህ?» ተብሎ ይጠየቅ።

በአገራችን ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ብዙ የታወቀው በመጠየቅ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በቡታጅራ አካባቢ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። በኋላም በዚያው አካባቢ በተደረገ ጥናት፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሥልጠና ካገኙ እንዲህ ያሉትን ሕሙማን መከታተል እንደሚችሉ ታይቷል። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል 300 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ለሚያውቅ፣ ይህ ከማናቸውም ሰዓት የሚበልጥ ዜና ነው።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ጭንቀት በበዛበት በዚያ ጊዜ ምንም አይረዳም። ሰዓት የሚገዛ ካለ መዝገቡን ስልኩ ላይ የሚያስቀር ይምረጥ፤ ከጎኑም ደብተር ይኑር፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ከቤት መውጣት፣ መድኃኒት።

መዝገቡ የታማሚው ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በፓርላማ ጸድቋል፤ አዋጅ ባይኖርም እንኳ የሰው ሕመም፣ ለጸሎት ርእስ ተብሎም ቢሆን፣ ያለ ፈቃዱ በጉባኤ አይነገርም። ታማሚው ስለ መሞት ከተናገረ ግን ቁጥር አትጠብቁ፤ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።

ለውይይት፦ በአጥቢያችሁ ብቻውን የሚኖር ታማሚ አለ? ሰዓት ቢታሰርለትና አንድ ሌሊት ቁጥሩ ቢለወጥ፣ ማን ያየዋል? ማንስ ወደ ቤቱ ይሄዳል?