ርካሽ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ፦ ከመግዛታችን በፊት እንመዝን

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከተገለጸ ወዲህ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ማጓጓዣ መወያየት የጥቂቶች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ለሚመላለስ መምህር ወይም ነጋዴም የኤሌክትሪክ ብስክሌት አማራጭ ሊሆን ይችላል። ከብስክሌቱ ክፍሎች እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ ባትሪው በመሆኑ፣ ዋጋ ለመቀነስ የሚፈልግ አምራች በቀላሉ የሚነካው ይህንኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከፊዚክስ አንጻር እንመለከታለን።

የባትሪው ጉልበት ምን ያህል ነው?

48 ቮልትና 20 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበትን የሊቲየም-አዮን ባትሪ እንውሰድ። ሁለቱ ሲባዙ 960 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም 3.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 45 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ አንድ ሊትር ውኃ 441 ጁል ይሰጣል። እንግዲህ ባትሪው የያዘው፣ ወደ 8 ሺህ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የሚሰጠውን ያህል ነው። ይህ ጉልበት በሰዓታት ውስጥ ሲወጣ ያጓጉዘናል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከወጣ ግን ቤት ያቃጥላል።

አደጋው እንዴት ይፈጠራል?

ባትሪው ከብዙ ትናንሽ ሴሎች የተገጣጠመ ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ሁለቱን ዋልታዎች የሚለየው ስስ ፕላስቲክ በ130 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል። ዋልታዎቹ ሲነካኩ ሙቀቱ ይበልጥ ይጨምራል። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ካቶድ ወደ 200 ዲግሪ ሲደርስ ከራሱ ኦክስጅን ይለቃል። ስለሆነም እሳቱ አየር በመከልከል ብቻ አይጠፋም። አንዱ ሴል ጎረቤቱን እያጋለ ጉዳቱ ይዛመታል፤ ጭሱም መርዛማ ነው።

ርካሽ ባትሪ ለዚህ የሚጋለጠው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ያገለገሉ ሴሎች እንደ አዲስ ተሸፍነው ይሸጣሉ። የአሮጌ ሴል ውስጣዊ ተቃውሞ ከፍተኛ ነው። የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከኤሌክትሪክ ጅረቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ዳገት ላይ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሴሎቹን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት ደካማ ነው ወይም ጨርሶ የለም። ሦስተኛ፣ ቻርጀሩ አይጣጣምም። በተከታታይ የተያያዙ 13 ሴሎች ያሉት የ48 ቮልት ባትሪ ከ54.6 ቮልት በላይ መሞላት የለበትም።

የሌላው ዓለም ተሞክሮ ያስተምረናል። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊቲየም-አዮን ባትሪዎች 268 ቃጠሎዎች ተነሥተው 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማዪቱም በዚያው ዓመት የደኅንነት ማረጋገጫ የሌላቸው የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችና ባትሪዎች እንዳይሸጡ ከለከለች።

ገዢው ምን ማድረግ ይችላል?

የመጀመሪያው መሣሪያ ተራ የእህል ሚዛን ነው። ዛሬ በገበያ ያሉ ጥሩ የሊቲየም-አዮን ሴሎች በኪሎግራም ከ270 ዋት-ሰዓት እምብዛም አያልፉም። ስለዚህ 960 ዋት-ሰዓት እይዛለሁ የሚል ባትሪ ከ3.5 ኪሎግራም በታች ከመዘነ ጽሑፉ ሐሰት ነው። ክብደት ብቻውን ግን የጥራት ምስክር አይሆንም፤ አምራቹ የአይኢሲ 62133 ደረጃ ፈተና ሰነድ እንዲያቀርብም መጠየቅ ይገባል። ሊቲየም-ብረት-ፎስፌት የተባለው ዓይነት ከበድ ቢልም፣ ሙቀትን ይበልጥ ስለሚቋቋም ለቤተሰብ የተሻለ ነው።

በአጠቃቀም ረገድ የሚከተሉትን እንመክራለን፦

፩. ባትሪ ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ በሣርና በጭድ አጠገብ ወይም በመውጫ በር ላይ አይሞላ።

፪. ከባትሪው ጋር ከመጣው ወይም አምራቹ ከፈቀደው ቻርጀር ሌላ አንጠቀም።

፫. ያበጠ፣ የወደቀ፣ ውኃ የገባበት ወይም እንግዳ ሽታ ያለው ባትሪ ከቶ አይሞላ።

፬. ጭስ ከታየ ቤተሰቡ ፈጥኖ ይውጣ፤ ንብረት ለማዳን አይመለስ።

በገጠር ቀበሌ የእሳት አደጋ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ አይደርስም። ስለሆነም ጥበቃው ከግዢው መጀመር አለበት። የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎችም የባትሪን ትክክለኛ መጠን ለክተው ለገዢው ሊያሳውቁ ይችላሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልጉት የታወቀ ጭነት፣ የቮልትና የአምፔር መለኪያ፣ እንዲሁም ሰዓት ናቸው። በርካሽ የተገዛ ባትሪ ቤትና ሕይወት ካስከፈለ፣ ከሁሉ የተወደደ ዕቃ እርሱ ነው።