ስሙ ያልታወቀ ጋዝ በክብደቱ ስለሚለይበት አሠራር

ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ክፍል ጥቂት ጋዝ ተቀብሎ፣ በኤሌክትሮን መትቶ ከፊሉን ሞለኪዩል እንዳለ ከፊሉንም ሰባብሮ የኤሌክትሪክ ሙል ካስያዘው በኋላ፣ እያንዳንዱን እንደ ክብደቱ ለይቶ በወረቀት ላይ መስመር ያቆምለታል፤ መስመሮቹን የሚያነብ ሰው ግን ረጅሙን አይቶ ለመፍረድ አይቸኩል፤ እውነቱን አብዝተው የሚመሰክሩት አጫጭሮቹ ናቸውና።

አስቀድሞ፣ ናሙናው ሳይገባ፣ የባዶውን መሣሪያ መዝገብ ማንሳት ይገባል። በ18 እና በ17 የሚታዩት የውሃ ናቸው፤ 28 እና 32 አራት ለአንድ በሚጠጋ መጠን ቆመው፣ 40 ላይም ትንሿ የአርጎን መስመር ከተገኘች፣ አየር እየገባ ነውና ቀዳዳው ሳይደፈን ሥራው አይቀጥል። የቀረው ከናሙናው መዝገብ ላይ ይቀነሳል።

ከዚህ ቀጥሎ እጅግ ከባዱ መስመር ይፈለጋል፤ እርሱ ብዙውን ጊዜ ያልተሰበረው ሞለኪዩል ነው። 28 ሆኖ ተገኘ እንበል። በዚህ ቁጥር ናይትሮጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ኤቲሊን ሦስቱም ይገናኛሉ፤ ፊተኛው ዘወትር የምንተነፍሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ የሚገድል ነውና፣ እዚህ ላይ መሳሳት የነፍስ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዓይንን ወደ ግራ መልሶ ስብርባሪዎቹን መመርመር ነው፦ 14 ላይ ከ28ቱ ቁመት ጥቂት በመቶ የሚያህል መስመር ቢቆም ናይትሮጅን፣ 12 እና 16 ቢታዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ 27 እና 26 የ28ቱን እኩሌታ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብለው ቢገኙ ኤቲሊን ይሆናል።

44 ካለ ግን ጥንቃቄው ይጠናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰበር እነዚያኑ 28፣ 16 እና 12 ይወልዳልና፣ ከ44ቱ ቁመት ዐሥር በመቶ የሚያህለውን ከ28 ላይ ሳይቀንሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አገኘሁ ማለት ሐሰተኛ ምስክርን መቀበል ነው። 44 ራሱም ሞክሼ አያጣም፤ 30 ላይ ጉልህ መስመር ካለ ሐኪሞች ለማደንዘዣ የሚያውሉት ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ከሁሉ የሚረዝመው 29 ከሆነ ፕሮፔን ነው።

ክሎሪን ያለበት ጋዝ ራሱን አይሰውርም፤ ሃይድሮጅን ክሎራይድ 36 እና 38 ላይ ሦስት ለአንድ ሆኖ ይቆማል፤ የክሎሪን አይሶቶፖች፣ ማለትም ክብደታቸው የሚለያየው አተሞቹ፣ በዚያው መጠን የተደባለቁ ናቸውና። የዚህን ምስጢር በር በሰፊው የከፈተው ፍራንሲስ አስተን ነው፤ በ1919 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ባሠራው መሣሪያ ኒዮን 20 እና 22 የሚመዝኑ አይሶቶፖች እንዳሉት አረጋገጠ።

በመጨረሻ የተጠረጠረው ጋዝ ንጹሑ ተገኝቶ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው የኤሌክትሮን ጉልበት፣ ይኸውም ዘወትር 70 ኤሌክትሮን ቮልት በሆነው፣ ይለካ፤ ሁለቱንም ወረቀቶች በመስኮት ብርሃን ላይ አነባብሮ መስመርን ከመስመር ማስተያየት፣ ባለቤት ያጣ መስመር ከተረፈም ሁለተኛ ጋዝ አለና፣ ከተረፉት መካከል ከባዱን ይዞ እንደገና መጀመር ነው።