ተሸካሚም ምስክርም የሚሆን ፕላስቲክ፦ የዲቴክተር መደገፊያ ከፔን እንዴት ይሠራል?

በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ 1,400 ሜትር ያህል ዐለት ከላዩ ተጭኖት፣ ሌጀንድ-200 የተባለ ሙከራ በ2023 (እ.ኤ.አ.) መረጃ መሰብሰብ ጀመረ። የሚጠብቀው ጀርማኒየም-76 ኒውትሪኖ ሳይለቅ ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ አውጥቶ የሚፈርስበትን ቅጽበት ነው። ከእሱ የቀደመው ጌርዳ በ2020 ያወጣው ውጤት፣ ክስተቱ ካለ ግማሽ ዕድሜው ከ1.8×10²⁶ ዓመት እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ተራራው ከሰማይ የሚወርደውን የኮስሚክ ጨረር ይመክታል። ዲቴክተር ሆኖ ከሚያገለግለው ጀርማኒየም ጋር ተጣብቆ የሚውለውን መደገፊያ ግን የሚመክት የለም። በማንኛውም ቁስ ውስጥ የዩራኒየምና የቶሪየም ርዝራዥ ይኖራል፤ እነዚህ ሲፈርሱ የሚወጣው ጨረር የሚፈለገውን ምልክት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ መደገፊያውን ራሱን ብርሃን ከሚሰጥ ፕላስቲክ መሥራት ትልቅ ብልሃት ነው። በውስጡ አንድ አቶም ሲፈርስ ፕላስቲኩ ብልጭ ይላል፤ ጀርማኒየሙ በዚያው ቅጽበት የመዘገበው ነገርም ከመረጃው ይወጣል።

ለዚህ ሥራ ሌጀንድ-200 የመረጠው ፖሊኢትሊን ናፍታሌትን፣ በአጭሩ ፔንን ነው። የውኃ ጠርሙስ ከሚሠራበት ፔት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ምንም ቀለም ሳይጨመርበት ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል፤ በብርድ ጥንካሬው ይጨምራል። ጀርማኒየሙ የሚነከርበት ፈሳሽ አርጎን የሚያመነጨውን 128 ናኖሜትር የማይታይ ብርሃንም ውጦ መልሶ ሰማያዊ አድርጎ ይለቃል። በጌርዳ ጊዜ ለመደገፊያነት ያገለገሉት የሲሊከን ሳህኖች ግን ብርሃን ከመጋረድ በቀር ምንም አይናገሩም ነበር።

1. ጥሬ ዕቃውን መርምሩ። ቀለምም ሆነ ማጠናከሪያ ያልተቀላቀለበት የፔን ጥራጥሬ ምረጡ፤ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ከአንድ ምርት ዙር ግዙ። ናሙናውን በሁለት መንገድ ለኩ። ማስ ስፔክትሮሜትር ዩራኒየሙንና ቶሪየሙን ራሳቸውን ይቆጥራል፤ የጋማ መለኪያ ደግሞ ከእነሱ የተወለዱትን ያያል። ፋብሪካ ውስጥ ወላጅና ልጅ ሊነጣጠሉ ስለሚችሉ አንዱ ልኬት ሌላውን አይተካም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ እዚህ ያላለፈ ጥራጥሬ ወደ ማሽን አይግባ።

2. እጠቡ፣ አድርቁ። ብዙው እድፍ ያለው በጥራጥሬው ገጽ ላይ ነው። እጅግ በተጣራ ውኃና በአይሶፕሮፓኖል፣ በአልትራሳውንድ ማጠቢያ ውስጥ እጠቡት። ከዚያ በቫኪዩም ምድጃ በደንብ አድርቁት። እርጥበት ይዞ የቀለጠ ፔን ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል፤ ከእሱ የሚሠራው የመደገፊያ ሳህንም ተሰባሪ ይሆናል።

3. በንጹህ ክፍል ውስጥ ቅርጽ አውጡ። ፔን የሚቀልጠው በ270 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ነው። ከሚገባው በላይ ከሞቀ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው ደግሞ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ክሪስታል ሠርቶ እንደ ወተት ይነጣል፣ ብርሃንም አያሳልፍም። ስለዚህ የማሽኑን ሙቀት ቆጥቡ፣ ሞልዱን በፍጥነት አቀዝቅዙ። የመጀመሪያዎቹ ቁርጥራጮች የማሽኑን እድፍ ጠርገው ስለሚወጡ ጣሏቸው።

4. በሲኤንሲ ማሽን አስተካክሉ። ለፔን ብቻ የተመደበ አዲስ መቁረጫ ተጠቀሙ፤ ዘይት አታስነኩት። ሸክም የማይሸከመውን ክፍል ሁሉ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ግራም በቀነሰ ቁጥር ጨረር ይቀንሳል። ፕላስቲክ በብርድ ከጀርማኒየምና ከመዳብ ይበልጥ ስለሚኮማተር በመጋጠሚያዎቹ ላይ ክፍተት ተዉ። ሲቆረጥ የገባበትን ውጥረት ለማርገብ ከ120 ዲግሪ ዝቅ ባለ ሙቀት አሙቁት፤ ቀስ ብሎም ይብረድ።

5. እንደገና እጠቡ፣ አሽጉ። ያለ ጓንት አትንኩት፤ ላብ ፖታሲየም-40 አለበት። በአየር ውስጥ ያለው ራዶን ሲፈርስ ልጆቹን በገጹ ላይ ያሳርፋል። ከእነሱ አንዱ የሆነው እርሳስ-210 ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት ስለሆነ፣ ዛሬ ያረፈው ሙከራው እስኪያልቅ አብሮ ይቆያል። ሳህኑን በናይትሮጅን በተሞላ ከረጢት ውስጥ አሽጉት።

6. ብርሃኑን ለኩ። መጀመሪያ በጨለማ ክፍል የአልትራቫዮሌት መብራት አብሩበት። ጤነኛ ሳህን መሐሉ ፈዘዝ ብሎ ጠርዙ ደማቅ ሰማያዊ መስመር ይሆናል፤ ውስጥ ለውስጥ እየተንጸባረቀ የተጓዘው ብርሃን የሚወጣው በጠርዙ ነውና። ጭረት ወይም አረፋ ካለ በመሐል እንደ ነጥብ ያበራል። ቀጥሎ የቢስሙዝ-207 ምንጭ አስጠጉ፤ 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት የሚጠጋ ጉልበት ያላቸው ኤሌክትሮኖቹ ለመለኪያ ይመቻሉ። በጠርዙ ላይ ፎቶማልቲፕላየር ገጥማችሁ እያንዳንዱን ሳህን ከአንድ ቋሚ ማመሳከሪያ ሳህን ጋር አወዳድሩ።

7. በብርድ ፈትኑ። ጀርማኒየሙ የሚሠራው በ87 ኬልቪን፣ በፈሳሽ አርጎን ውስጥ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን 77 ኬልቪን ስለሆነ ለፈተና የበለጠ ጥብቅ ነው። ሳህኑ በሥራ ላይ ከሚሸከመው የከበደ ክብደት ጫኑበት፤ ቀስ እያላችሁ ንከሩት፣ አውጡት፣ ደጋግሙ። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ስንጥቅ ፈልጉ። ናይትሮጅን ኦክስጅንን ከክፍሉ ያስወጣልና አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ፣ የብርድ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ ሥሩ።

8. ብርሃኑን የሚያይ አዘጋጁለት። በሌጀንድ-200 ጀርማኒየሙን የከበቡ ብርሃን መሪ ፋይበሮች ብልጭታውን ወደ ሲሊከን ፎቶማልቲፕላየሮች ያደርሳሉ። በሳህኑና በፋይበሩ መካከል የሚጋርድ ብረት አታስቀምጡ።

ብርሃን አለው ብላችሁ ግን ንጽሕናን አታላሉ። የአልፋ ቅንጣት ከተመሳሳይ ጉልበት ኤሌክትሮን እጅግ ያነሰ ብርሃን ያወጣል፤ በገጽ ላይ ያለ እድፍም ብልጭታው ደካማ ሆኖ ሊያመልጥ ይችላል። እድፉ ከበዛ ደግሞ ሳህኑ ሳያቋርጥ ብልጭ ስለሚል እውነተኛውን ክስተት አብሮ ያስጥላል። ለእያንዳንዱ ሳህን መዝገብ ክፈቱ፤ የንጽሕናውን፣ የብርሃኑንና የብርዱን ውጤት ጻፉበት። ከሦስቱ በአንዱ የወደቀ ሳህን፣ በሁለቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ወደ ተራራው ሥር አይውረድ።