አሮጌውን ኮምፒዩተር «አፕዴት» ማድረግ ያዋጣል? ስሌቱ እንዴት ነው?

በብዙ የንግድ ቤቶች አንድ የቆየ ኮምፒዩተር አይጠፋም። ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ወይም ከመጋዘኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የዱቤውን መዝገብ፣ የዕቃውን ገቢና ወጪ፣ የፒችትሪውን ሒሳብ ይዞ ይኖራል። በስክሪኑ ጥግ «አፕዴት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ብቅ ሲል የሒሳብ ሠራተኛዋ «በኋላ» የሚለውን ትጫናለች። በማግስቱም እንዲሁ። በአንዳንድ ቤቶች ደግሞ ጥያቄው ጭራሹን አይመጣም፤ ፕሮግራሙን የጫነው ባለሙያ «ያንቀራፍፈዋል» ብሎ ከመጀመሪያው ዘግቶት ሄዷል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነፃ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ስላቆመ፣ ይህ የ«በኋላ» ጉዳይ በባለንብረቱ ሊወሰን የሚገባው የገንዘብ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ገበያችን ነገሩን እንደ ማንኛውም ወጪ በሒሳብ እንመለከተዋለን። ቀኖቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ የደኅንነት ማሻሻያ ምንድን ነው? ማንኛውም ፕሮግራም ሠሪው ያላያቸው ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ቀዳዳው ሲገኝ ሠሪው መድፈኛ ያወጣል። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን መድፈኛው በወጣ ቀን ሌባውም ቀዳዳው የት እንደነበረ የሚያውቅ መሆኑን ነው። መድፈኛውን ፈትቶ ያያል፣ መሣሪያውንም ይሠራል። ስለሆነም ማሻሻያውን ያልጫነ ሰው ቤቱ ትናንት ከነበረበት ይልቅ ዛሬ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በ2009 ዓ.ም. የደረሰው «ዋናክራይ» የተባለው ጥቃት ነው። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው መጋቢት 5 ቀን ነበር። ጥቃቱ የተነሣው ግንቦት 4 ቀን ነው። በመካከሉ 59 ቀናት አሉ። ቫይረሱ በ150 ያህል አገሮች ተሠራጭቶ የየኮምፒዩተሩን ፋይል እየቆለፈ ለመክፈቻ 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። የእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ክፉኛ ተጎዱ። ከሆስፒታል አስተዳደሮቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሥራቸው ተስተጓጎለ፤ የተሰረዘው የሕሙማን ቀጠሮም ከ19 ሺህ በላይ እንደሚሆን ተገመተ። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር በኋላ ጠቅላላ ኪሣራውን 92 ሚሊዮን ፓውንድ አድርሶታል።

በጊዜው ብዙ ጋዜጦች ጥፋቱን «ያረጀው ዊንዶውስ ኤክስፒ» ላይ ጣሉት። በኋላ የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ሲመረምረው ግን አብዛኞቹ የተጠቁት ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ዊንዶውስ 7 ገና ድጋፍ የሚደረግለት ነበር፤ መድፈኛውም ወጥቶለታል፤ የጫነው ሰው ግን አልነበረም። እንግዲህ ጥፋቱ የእርጅና ሳይሆን የ«በኋላ» ነበር ማለት ነው።

ሌላውን ወገንም ማየት ተገቢ ነው። «ያንቀራፍፈዋል» የሚለው ባለሙያ እውነት አለው። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በኢንቴልና በሌሎች ፕሮሰሰሮች ላይ «ሜልትዳውን» እና «ስፔክተር» የተባሉ ቀዳዳዎች መኖራቸው ይፋ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ራሱ በቆዩ ፕሮሰሰሮች ላይ ዊንዶውስ 7 እና 8 የሚጠቀሙ አብዛኞቹ ደንበኞች የፍጥነት መቀነሱ እንደሚታወቃቸው አምኗል። ይባስ ብሎም በአንዳንድ የቆዩ ኤኤምዲ ማሽኖች ላይ መድፈኛው ከተጫነ በኋላ ኮምፒዩተሩ አልነሣም ስላለ ኩባንያው ሥርጭቱን ለጊዜው ማቆም ግድ ሆኖበት ነበር። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ባንድ ቀን ወደቁ፤ በብዙ አገሮች አውሮፕላኖች ቀሩ። በመሆኑም ማሻሻያ ወጪም አደጋም እንዳለበት መካድ አይቻልም። ጥያቄው የቱ ይበልጣል የሚለው ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የጅምላ ነጋዴ እንውሰድ። ማሻሻያው በወር የሠራተኛ ጊዜና የኢንተርኔት ወጪ ተደምሮ 300 ብር ያስወጣዋል እንበል፤ በዓመት 3,600 ብር ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የ2 ሚሊዮን ብር የዱቤ መዝገብ አለ። መዝገቡ ቢጠፋ ከባለዕዳዎቹ አንድ አሥረኛው ያህል «አላስታውስም» ቢል 200 ሺህ ብር ሄደ። ሥራው አሥር ቀን ቢስተጓጎልና በቀን 8 ሺህ ብር ትርፍ ቢቀርበት ሌላ 80 ሺህ ይጨመራል። ድምሩ 280 ሺህ ብር ይሆናል። 3,600ን ለ280,000 ስናካፍለው 1.3 በመቶ ያህል ይመጣል። ትርጉሙ ይህ ነው፤ ማሻሻያው ሊያስቀረው የሚችለው ጥቃት በዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ ቢሆን፣ ወጪው ከመድን አረቦን ያነሰ እንጂ የበዛ አይደለም።

ይሁን እንጂ ስሌቱን የሚገለብጥ አንድ ነገር አለ። ነጋዴው መዝገቡን በየማታው በውጭ ዲስክ ቀድቶ የሚያስቀምጥ ቢሆንስ? ዕዳው አይጠፋም፤ የሚስተጓጎለውም ሥራ ሦስት ቀን ብቻ ነው እንበል። ኪሣራው ወደ 24 ሺህ ብር ይወርዳል። አሁን ማሻሻያው የሚያዋጣው የጥቃቱ ዕድል 15 በመቶ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም አስቀድሞ መገዛት ያለበት የመቅጃው ዲስክ ነው። ዲስኩም ከቀዳ በኋላ ተነቅሎ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ተሰክቶ ከዋለ ቫይረሱ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል።

የመቅጃው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የሜርስክ ታሪክ በደንብ ያሳያል። በጅቡቲ በኩል ኮንቴይነር የሚያስገባ አስመጪ ሁሉ ይህን የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ ያውቀዋል። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. «ኖትፔትያ» የተባለ ቫይረስ ኩባንያውን ዘጋው። የገባበት መንገድ የሚገርም ነው፤ በዩክሬን ነጋዴዎች ለግብር ሒሳብ የሚገለገሉበት ሜዶክ የተባለ ፕሮግራም ማሻሻያ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ከዚያም በዋናክራይ ቀዳዳና በተሰረቁ የይለፍ ቃሎች ከማሽን ማሽን ዘለለ፤ መድፈኛ የተጫነባቸውም አልተረፉም። ኩባንያው በአሥር ቀናት ውስጥ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒዩተር እንደገና ጫነ። ኪሣራው እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

የሠራተኞቹን መለያ የሚቆጣጠሩት ዋና ሰርቨሮች አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለነበሩ ሁሉም አብረው ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ እሱም ጋና የሚገኘው ነው። ቫይረሱ ከመድረሱ በፊት በዚያ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከመስመር ወጥቶ ነበር! መረጃውን በኢንተርኔት ለመላክ መስመሩ ቀርፋፋ፣ ወደ እንግሊዝ ይዞ ለመብረርም የጋናው ቢሮ ባልደረቦች ቪዛ የሌላቸው ሆኑ። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ዲስኩን እስከ ናይጄሪያ አድርሶ ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ እሱም ለንደን አስገባው። መብራት መጥፋት ለነጋዴ ሲጠቅም እኛ የሰማነው ይህን አንዱን ነው።

ወደ ሱቁ ኮምፒዩተር ስንመለስ፣ ውሳኔው ከማሽኑ ዕድሜ ይልቅ በውስጡ ባለውና በተገናኘበት ነገር ላይ ሊመሠረት ይገባል። የባንክ ሒሳብ የሚከፈትበት፣ ኢሜይል የሚነበብበት፣ ከውጭ አቅራቢ ጋር የክፍያ ሰነድ የሚለዋወጥበት ማሽን ማሻሻያ የማይቀበል ከሆነ ለዚያ ሥራ መዋል የለበትም። እዚህ ላይ የተቀዳ ዲስክ አይበቃም፤ ሌባው የይለፍ ቃሉን ካየ ፋይሉን ማጥፋት አያስፈልገውም። በአንጻሩ የዕቃ ዝርዝር ብቻ የሚያትም ማሽን የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሎ ቢተው ብዙ አይጎዳም። ለእንዲህ ያለው ማሽን የሚያሰጋው ፍላሽ ነው። የሁሉ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒዩተር ኢንተርኔት ባይኖረውም ብቻውን ነው አይባልም።

ማሻሻያ የሚቀበለውን ማሽን በሚመለከት ማይክሮሶፍት ወርኃዊውን መድፈኛ የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። በዚያው ምሽት መጫን ግዴታ አይደለም። ጥቂት ቀናት ጠብቆ ሌላው ዓለም ምን እንደገጠመው አይቶ፣ መዝገቡን ቀድቶ፣ በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጫን የክራውድስትራይክን ዓይነት አደጋ ይቀንሳል። ሁለት ወር መጠበቅ ግን ዋናክራይን መጠበቅ ነው። ዩፒኤስ የሌለው ቤት መብራት የሚቆራረጥበትን ሰዓት ይሽሽ፤ በመጫን ላይ ሳለ መብራት የጠፋበት ማሽን ላይነሣ ይችላል። ማሽኑ ከተንቀራፈፈ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፤ እሱን በኤስኤስዲ መለወጥ ማሻሻያውን ከመዝጋት ይልቅ ይረዳል።

የቀረው የዊንዶውስ 10 ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ ማሻሻያ ያቀረበው በ30 ዶላር ሲሆን፣ ያለ ክፍያ የሚገኝበትም መንገድ አለው። ለድርጅቶች ግን ለአንድ ማሽን በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር አድርጎ በየዓመቱ እጥፍ ይጨምረዋል፤ ሦስቱ ዓመት ሲደመር 427 ዶላር ነው። ይህን ያህል የውጭ ምንዛሪ ለአሮጌ ማሽን ከማውጣት ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ያገለገለ ኮምፒዩተር መፈለግ በእኛ አስተያየት ይሻላል። ሻጩ «ኮር አይ 5 ነው» ቢል አይበቃም፤ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ይጠየቅ። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ማይክሮሶፍት በአብዛኛው የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ቁጥሩ በ8 የሚጀምር ባለ አራት አኃዝ ከሆነ ስምንተኛ ነው፤ በ6 ወይም በ7 የሚጀምረው ዋጋው ረከስ ቢልም የዛሬውን ጥያቄ ይዞ ነው ወደ ሱቁ የሚገባው።